የጌታቸው መኩሪያ ድምፅ በማውዝፒስ አይገዛም

ጥያቄ፦ «በጎንደር ከተማ የምኖር የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። ቴነር ሳክስፎን መጫወት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ ቅዳሜና እሑድ ማታ በአንድ ሆቴል ከባንድ ጋር እሠራለሁ። የሳክስፎን ተጫዋቹን የጌታቸው መኩሪያን ሽለላ ከሰማሁ ወዲህ ልቤ ሌላ ነገር አልቀበል ብሎኛል። ጣቶቹ የሚሄዱበትን መንገድ በሙሉ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ እኔ ስጫወተው ግን ለእራት ማጀቢያ የሚሆን ዜማ ሆኖ ይቀራል። አንዱ ጓደኛዬ ‹ስልቱን የወሰደው አልበርት አይለር ከሚባል አሜሪካዊ ሳክስፎን ተጫዋች ስለሆነ መጀመሪያ አይለርንና ሌላውን አሜሪካዊ ሳክስፎን ተጫዋች ኮልትሬንን አጥና› ይለኛል። ሌላው ‹አፉ ሰፋ ያለ የብረት ማውዝፒስ (በአፍ ተይዞ የሚነፋው የመሣሪያው ጫፍ) ካልገዛህ ያ ድምፅ አይወጣም› ስላለኝ ገንዘብ እያጠራቀምኩ ነው። የትኛውን ልስማ?»

ምላሽ፦ ሁለቱንም አይስሙ። የመጀመሪያው ምክር ታሪኩን ያዛባል፤ ሁለተኛው ደግሞ ውጤቱን ከምክንያቱ ያምታታል። እርስዎ የሚፈልጉት ድምፅ የተወለደው ከሰው አንደበት ነው፤ ያም አንደበት እርስዎ በሚኖሩበት ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ዛሬም ይሰማል። ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ይህን በዝርዝር ላስረዳዎት።

ከታሪኩ ልጀምር። ጌታቸው መኩሪያ የተወለደው በይፋት በ1927 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ የያዘው መሣሪያ ሳክስፎን አልነበረም፤ ክራርና ማሲንቆ ነበር፤ ከዚያ ወደ ክላርኔት፣ ከክላርኔት ወደ ሳክስፎን ተሻገረ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በ1965 ደግሞ ወደ ፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ ተዛወረ። የነሐስ መሣሪያ በአገራችን ሥር የሰደደበት መንገድም ቢሆን የራሱ ነው፤ ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው፣ «አርባ ልጆች» የሚባሉት አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆችና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የተከሉት የሰልፍ ባንድ ባህል ለክቡር ዘበኛ፣ ለፖሊስ፣ ለማዘጋጃ ቤትና ለቴአትር ቤት ባንዶች መሠረት ሆኗል። አልበርት አይለር በአንጻሩ የመጀመሪያውን ሸክላውን ያስቀረጸው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው፤ ስሙን ያስጠራው ሥራው የወጣው ደግሞ ከ1964 በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ጌታቸው ከአሥር ዓመት በላይ የመድረክ ሰው ነበር። የውጭ አድማጮች የሁለቱን ድምፅ አቀራርበው መስማታቸው እውነት ነው፤ ሁለቱም ሳክስፎኑን እንደ ጉሮሮ ያስጮኹታል፣ ሁለቱም ድምፁን በሰፊው ያርገበግቡታል። ነገር ግን አይለር የተነሣው ከጥቁር አሜሪካውያን የቤተ ክርስቲያን መዝሙርና ከሰልፍ ሙዚቃ ነው፤ ጌታቸው የተነሣው ከሽለላ ነው። ሁለት ምንጮች አንድ ዓይነት ጣዕም ያለው ውኃ ቢሰጡ አንደኛው ከሌላኛው ተቀድቷል ማለት አይደለም።

በዚህ አጋጣሚ ሌላም የተለመደ ስሕተት ላርም። ጌታቸውን የኢትዮ ጃዝ መሥራች የሚሉ አሉ። ያ ስም የሙላቱ አስታጥቄ ነው፤ እርሱ በለንደን፣ በቦስተንና በኒው ዮርክ ተምሮ፣ ቅኝቶቻችንን በጃዝ ሐርመኒና በላቲን ምት ውስጥ ያስገባ ሰው ነው። የጌታቸው ጉዞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ጃዝን ይዞ ወደ ሽለላ አልመጣም፣ ሽለላን እንዳለ በአውሮፓ መሣሪያ ውስጥ አስገባው። ይህን ልዩነት የማነሣው ለማዕረግ ክርክር አይደለም፤ የልምምድዎን አቅጣጫ የሚወስነው እርሱ ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ሽለላ፣ ቀረርቶና ፉከራ በንግግራችን ይቀላቀላሉ እንጂ ለተጫዋች አንድ አይደሉም። ቀረርቶ በረጅም ትንፋሽ ከላይ ተነሥቶ እየተንከባለለ የሚወርድ፣ ምት የማይቆጠርለት ዜማ ነው። ፉከራ «ዘራፍ!» ብሎ የሚነሣ፣ ቃል በቃል ላይ እየተከመረ የሚፈጥን፣ ከዜማ ይልቅ ለንግግር የሚቀርብ ነው። ሽለላ በሁለቱ መካከል ይመላለሳል። ሦስቱንም የሚያስተሳስራቸው ግጥሙ ነው። የጌታቸውን ቅጂ በዚህ ጆሮ መልሰው ቢያዳምጡት አንድ ነገር ይገለጥልዎታል፤ ሰውየው ዜማ እያስጌጠ ሳይሆን ስንኝ እየተናገረ ነው። አንድን ድምፅ ቀጥ አድርጎ ይዘረጋና መጨረሻው ላይ ብቻ ያርገበግበዋል፤ ያ ሸላዩ የስንኙን መድረሻ የሚስብበት ቦታ ነው። ከዚያ አንድ ድምፅ ላይ ቆሞ ምላሱን ደጋግሞ ይመታል፤ ያ ቃላት የሚደራረቡበት ቦታ ነው። ከዚያ በድንገት ይቆርጣል፤ ያ ደግሞ ትንፋሽ የሚነጠቅበት ነው። እርስዎ ጣቶቹን ሸምድደዋል፤ ስንኙን ግን አላጠኑም። ጨዋታው ለእራት ማጀቢያ የሆነብዎት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን በራሴም አይቻለሁ። በወጣትነቴ ያንኑ ሽለላ ሁለት ዓመት ሙሉ ከካሴት እየቀዳሁ አጥንቼ በአንድ የገጠር ሠርግ ላይ ተጫወትኩት። ጨርሼ ስቀመጥ አንድ አዛውንት ቀረብ ብለው «ልጄ፣ ዜማውስ ደኅና ነው፤ ቃሉ የት አለ?» አሉኝ። መሣሪያ ቃል እንደማይናገር ልነግራቸው ነበር፤ ነገር ግን እርሳቸው በጉሮሯቸው ብቻ፣ አንድም ቃል ሳያወጡ አንዲት ስንኝ አንጎራጎሩልኝ፣ እኔም ቃሉ ምን እንደሆነ ወዲያው አወቅሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ማንኛውንም ተማሪ ሳክስፎን የማስይዘው በአፉ ካለው በኋላ ነው።

ቃል አልባ ድምፅ እንዴት ቃልን ሊያሰማ ይችላል? መልሱ ቋንቋችን ውስጥ ነው። አማርኛ ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጸ፣ ጰ የሚሉ፣ ጉሮሮ ተዘግቶ አየር ከታመቀ በኋላ የሚፈነዱ ድምፆች አሉት። ከእነዚህ አንዱ ስንኙ ውስጥ ሲመጣ ሸላዩ ከፊቱ ቅጽበታዊ ዝምታ ያስቀምጣል፣ ከዝምታው በኋላ ድምፁ ይመታል። በሳክስፎን ይህ የሚሠራው ምላስን ሪዱ (ማውዝፒሱ ላይ የሚታሰረው፣ ሲነፋ የሚርገበገበው ስስ ሸምበቆ) ላይ አሳርፎ አየሩን ከኋላ በማመቅ፣ ከዚያም ምላሱን በፍጥነት በመልቀቅ ነው። መ፣ ለ እና ነ ሲመጡ ደግሞ ምላስ ሪዱን ዳስሶ ብቻ ያልፋል፤ አየሩ አይቋረጥም። ሌላው ማጥበቅና ማላላት ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው፤ ልዩነቱ ምላስ በላንቃ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ብቻ ነው። ሳክስፎን ላይም የምላስዎ ቆይታ እንደዚሁ ፍቺ ይለውጣል። ዜማው አንድ ሆኖ ሁለት ተጫዋቾች አንዱ የሚናገር፣ ሌላው የሚያፏጭ የሚመስሉበት ምክንያት በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ጓደኛዎ ስለ ኮልትሬን የሰጠዎት ምክር ያለ ቦታው መጣ እንጂ ፈጽሞ ከንቱ አይደለም። ጆን ኮልትሬን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1964 ባስቀረጸው «ኤ ላቭ ሱፕሪም» የመጨረሻ ክፍል ላይ የሚጫወተው፣ ራሱ የጻፈውንና በአልበሙ ሽፋን ላይ የታተመውን ጸሎት ነው፤ ቃል በቃል፣ በሳክስፎን ያነበንበዋል። ግጥሙን ይዞ የሚያዳምጥ ሰው ከድምፁ ጋር አብሮ መከተል ይችላል። ኮልትሬን በ40 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1967 ካረፈ በኋላም የዓለም ሳክስፎን ተጫዋቾች እስከ ዛሬ የሚያጠኑት በጣቶቹ ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ መሣሪያው የሚናገር መሆኑን ስላሳየ ጭምር ነው። ስለዚህ ኮልትሬንን ያዳምጡ፤ ነገር ግን የእርሱን ጸሎት ለመቅዳት ሳይሆን፣ እርሱ በራሱ ቃል ያደረገውን እርስዎ በራስዎ ቃል ለማድረግ ያዳምጡት። ጌታቸው በእኛ ቃል ያደረገው ይህንኑ ነበር፤ በመድረክ ላይ የአንበሳ ጎፈር ደርቦ ይቆም የነበረውም ለጌጥ ብቻ አይመስለኝም፤ የሚሸልል ሰው ሆኖ ነው የሚወጣው።

ማውዝፒስን በተመለከተ፣ እውነቱን ለመናገር ጥቂት ለውጥ ያመጣል። አፉ ሰፊ የሆነ ማውዝፒስ ድምፁን ጎላ ያደርገዋል፣ ቃናን በመንጋጋ ለማጠፍም ያመቻል፤ ብረቱም ሆነ ጎማው ከሚያመጣው ልዩነት ይልቅ የውስጡ ቅርጽ የሚያመጣው ይበልጣል። ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ሰፊ አፍ ብዙ አየርና የጠነከረ ከንፈር ይጠይቃል፣ ያልሠለጠነ ተጫዋች ደግሞ ድካሙን ለመቋቋም ሪዱን ይነክሳል። የሚነከስ ሪድ አይርገበገብም። ያን ጊዜ የሚያገኙት ከአሁኑ የቀጠነና ቃናው ወደ ላይ የሸሸ ድምፅ ነው። የጌታቸው ትልቅ መርገብገብ ከመንጋጋ ልል እንቅስቃሴና ከሆድ ከሚመጣ የማይቋረጥ አየር የሚፈጠር ነው፤ ይህን አሁን በያዙት ማውዝፒስ መሥራት ካልቻሉ በአዲሱም አይሠሩትም። ያንን ጎርናና ድምፅ በተመለከተም፣ እየነፉ በጉሮሮ በማንጎራጎር የሚገኝ ነው እንጂ ከዕቃው የሚመጣ አይደለም። በዚህ ላይ አጥብቄ አስጠነቅቅዎታለሁ፤ በቀን ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይለማመዱት፣ ድምፅዎ ከጎረነነ ወይም ጉሮሮዎ ከከረከረ በዚያው ቀን ያቁሙ።

ይልቅ ካጠራቀሙት ገንዘብ ላይ ጥቂቱን አውጥተው መሣሪያውን ያስመርምሩ። በእጅ በእጅ ተላልፈው የሚመጡ ሳክስፎኖች ቀዳዳዎቹን የሚደፍኑት የቆዳ ልባሶች ይደርቃሉ፣ አየርም ያሾልካሉ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ትንሽ መብራት ወደ ቱቦው አስገብተው ቁልፎቹን ቀስ ብለው ይዝጉ፤ ብርሃን የሚወጣበት ካለ አየርም በዚያው ይወጣል። ታችኛዎቹ ድምፆች የሚንቀጠቀጡብዎት ከሆነ ጥፋቱ የእርስዎ ላይሆን ይችላል። የጎንደር የበጋ አየር ደረቅ ስለሆነ ሪድዎን በመያዣው ውስጥ ያስቀምጡ፣ ከመንፋትዎ በፊት በሚገባ ያርጥቡት። በጥምቀት ሰሞን ማለዳ ከቤት ውጭ የሚጫወቱ ከሆነም ብርድ ቃናውን ወደ ታች፣ ሙቀት ወደ ላይ እንደሚወስደው ያስታውሱ፤ መሣሪያው በትንፋሽዎ ሳይሞቅ ቃና አያስተካክሉ።

ወደ ምክሬ ልምጣ። ለሦስት ወር ገንዘቡን አይንኩት፤ ወደ ማሲንቆ ይሂዱ። ጎንደር በዚህ ረገድ የታደለች ከተማ ናት። በዙሪያዋ እንደ ቡርቧክስ ያሉ የአዝማሪ መንደሮች አሉ፤ ከእነዚህ መንደሮች የሚነሡ አዝማሪዎች በከተማዋ የምሽት ቤቶች ይጫወታሉ፤ በጥምቀት ወደ ፋሲለደስ መዋኛ የሚወርደው ጎረምሳ ዱላውን ይዞ ሆታና ቀረርቶውን ሲያሰማ ማንም ትኬት አይጠይቅዎትም። አዲስ አበባ ያለ የሙዚቃ ተማሪ ይህን ከቅጂ ብቻ ነው የሚያገኘው፤ እርስዎ ግን ከምንጩ አጠገብ ነዎት። አንድ የበሰለ አዝማሪ ይፈልጉና በሥነ ሥርዓት ይጠይቁት። ሳያስፈቅዱ በስልክ አይቅረጹ፤ ለሚሰጥዎት ጊዜም ተገቢውን ይክፈሉት፣ ሙያው እንጀራው ነውና።

ከእርሱ ጋር ሲቀመጡ ለመጀመሪያው ወር ሳክስፎኑን ከሣጥኑ አያውጡት። አራት ስንኝ ይቀበሉትና በአፍዎ ይበሉት፤ መጀመሪያ በቃል፣ ቀጥሎ አፍዎን ዘግተው በጉሮሮ ብቻ። ስንኙን የሚያውቅ ሰው ከእንጉርጉሮዎ ብቻ ለይቶ ሲያውቀው፣ ያን ጊዜ ሳክስፎኑን ያንሡ። በሁለተኛው ወር እርሱ ይበል፣ እርስዎ ይቀበሉት፤ በእርሱ ፍጥነትና በእርሱ የትንፋሽ ማሳረፊያ። በሦስተኛው ወር ስንኙን እርስዎ ይምረጡ፣ እርሱ ይፍረድ። ከባንዱ ጋር የሚጫወቱት ሽለላ ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ ከበሮና ቤዝ ከገቡ ነጻው ትንፋሽ ወዲያው በምት ይታሰራልና፣ ሥር ሳይሰድ ወደዚያ መግባት ያለፈውን ድካም ያፈርሰዋል።

ሁለት የሙያ ማስታወሻዎች እዚህ ይገባሉ። ማሲንቆ የሚቃኘው በአዝማሪው ድምፅ ልክ ስለሆነ ቃናው ከሰው ሰው፣ ከቀን ቀን ይለያያል። ቴነር ሳክስፎን ላይ እርስዎ የሚጽፉት ድምፅ ከሚሰማው በአንድ ስምንት (ኦክታቭ) እና በአንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ አዝማሪው ቢስማማና መነሻውን በፒያኖው ሬ ላይ ቢያደርገው የእርስዎ መነሻ ሚ ይሆናል፤ የአምባሰል ቅኝትም ያለ ፍላትና ያለ ሻርፕ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ሆኖ ይመጣልዎታል። አንቺሆዬ ከዚያው መነሻ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ ፍላት፣ ዶ ሻርፕ ነው። ሁለተኛው ነገር፣ እነዚህ ድምፆች በማሲንቆ ላይ በኪቦርድ ከተቃኙት ጋር በትክክል አይገጥሙም። የማሲንቆው ጣት በአንድ ጭራ ላይ ወዲያ ወዲህ ይንሸራተታል፤ የሳክስፎን ቁልፍ ግን ወይ ክፍት ነው ወይ ዝግ። ይህ የመሣሪያው እውነተኛ ገደብ ነው፤ ዋሽንት ላይ እንደሚደረገው ቀዳዳን በጣት በከፊል መክፈትም አይቻልም። የሚቀርዎት መንጋጋና ጉሮሮ ነው፤ እነርሱም ቃናን ወደ ታች በቀላሉ ይወስዱታል፣ ወደ ላይ ግን እምብዛም። ስለዚህ ሁለት ድምፆች መካከል ያለ ቃና ሲፈልጉ ላይኛውን ይያዙና ወደ ታች ያጥፉት።

አንድ ጥንቃቄ ደግሞ ከሙዚቃው ውጭ ነው፣ ግን አልተወውም። ሽለላና ፉከራ ደም የሚያሞቁ ናቸው፤ የተፈጠሩትም ለዚያ ነው። ስንኞቹ የሰው ስም፣ የወገን ስም፣ የጠላት ስም ሊይዙ ይችላሉ። ስንኙን ሲቀበሉ ፍቺውንና የተነገረበትን አጋጣሚ ይጠይቁ፤ ሰውን የሚያቆስል ከሆነ፣ ሳክስፎን ቃሉን አያወጣም ብለው አይዘናጉ፣ የሚያውቀው አድማጭ ይሰማዋልና። የአደን፣ የእርሻ፣ የጀግንነት ስንኝ ሞልቷል፤ ከዚያ ይምረጡ።

ስለ ጌታቸው ተጽዕኖ ጥቂት ልጨምር፤ ጥያቄዎ ውስጥ ባያነሡትም ከምክሬ ጋር ይያያዛል። ሥራዎቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ 14ኛ ቅጽ ሆነው በፈረንሳይ እንደገና ታተሙ። ይህን የሰሙት «ዘ ኤክስ» የተባሉ የሆላንድ የፐንክ ሙዚቀኞች ናቸው ጋብዘው ወደ አምስተርዳም የወሰዱት፤ በ2006 «ሞዐ አንበሳ» የተሰኘውን አልበም አብረው አወጡ፣ በ2012 ሌላ ጨመሩ፣ ከዚያም በብዙ የዓለም መድረኮች ላይ ተጫወቱ። ጌታቸው በዚያን ጊዜ በሰባዎቹ ዕድሜ ያለ አዛውንት ነበር። ከእርሱ ባህል ጋር የጋራ ቋንቋ የሌላቸው፣ በኤሌክትሪክ ጊታር የሚጮኹ ሙዚቀኞች ከኋላው ቆመው፣ እርሱ ግን በመጀመሪያ የተነሣበትን ሽለላ ነበር የሚሸልለው። አልለሰለሰላቸውም፤ እነርሱም እንዲለሰልስ አልፈለጉም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2016 ሲያርፍ በእኛ አገርም በአውሮፓም የሚያለቅሱለት የሙያ ልጆች ነበሩት። ሰው ከሩቅ መጥቶ የሚያጠናው ማንም ሊያደርገው የማይችለውን ነገር ነው፤ ያ ነገር ደግሞ ለጌታቸው ከክራርና ከማሲንቆ ዘመኑ ጀምሮ ጆሮው ውስጥ የነበረው ነው።

ከሦስት ወሩ በኋላ ማውዝፒሱን ለመግዛት አሁንም ከፈለጉ ይግዙት፤ አልከለክልም። ነገር ግን መግዛት የሚገባዎት አንድ የተለየ ጉድለት ሲያውቁ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ረጅሙን ስንኝ በአንድ ትንፋሽ እያሉ ከባንዱ በላይ መሰማት ካቃትዎት፣ ወይም መንጋጋዎን አላልተው ቃናው ወደሚፈልጉት ቦታ አልታጠፍ ካለ። ያን ጊዜም ከአሁኑ በአንድ ደረጃ ብቻ ሰፋ ያለ ይምረጡ፣ ሪዱን በዚያው ልክ ለስለስ ያድርጉት፣ የሚቻል ከሆነም ሳይነፉበት አይግዙ። የሚሞክሩትም የቅኝቱን ድምፆች በተራ ሲወጡና ሲወርዱ አይሁን፤ ከአዝማሪው በተቀበሉት የመጀመሪያ ስንኝ ይሁን፣ አዝማሪውም አጠገብዎ ተቀምጦ ይስማ።